ስለ ባዶ እግር ዘማቾችና ስለ ጉዳት ካሣቸው



ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንድ የቀድሞ ወታደር የነበሩ ሰው እግራቸው አብጦ ለቀብርም ለስብሰባም መውጣት አቃታቸው። እድራችንም በደንቡ መሠረት ከቀሪ ቅጣት ነፃ አደረጋቸው። ታዲያ አንድ ቀን ልጃቸውን ወደ እኔ ልከው፣ «እርስዎ ወረቀት ያውቃሉ ይላል አባቴ፤ ለዚህ እግር መንግሥት የሚከፍለው ነገር የለም ወይ?» ብለው አስጠየቁኝ።

ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን አጭር አልሆነልኝም። ምክንያቱም ይህንኑ ጥያቄ የዛሬ ስድሳ ዓመት ግድም፣ ገና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ሌላ ሰው ጠይቆኝ ነበር። እሳቸውም የእናቴ ወንድም ናቸው። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ የሁለቱን ሰዎች ነገር ምክንያት አድርጌ፣ ስለ ዘማቾቻችን እግር ታሪክ የማውቀውን ያህል ልጽፍ ወደድኩ።

አጎቴ የወገራ ሰው ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ከደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር ጋር ሆነው፣ በልዑል ራስ እምሩ የበላይነት ወደ ሽሬ ግንባር ዘምተዋል። ስንቃቸው በአህያ የተጫነ በሶና ዳቦ ቆሎ ነበር፤ መሣሪያቸው አንድ አሮጌ ውጅግራ፤ ልብሳቸው ጋቢና እጀ ጠባብ። ጫማ የሚባል ነገር አልነበረም። ይህን ስነግራቸው የዛሬ ልጆች ድህነት ብቻ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። በዚያን ዘመን ካኪ ለብሶና በአውሮፓ ሥርዓት ሠልጥኖ የሚሰለፈው የክብር ዘበኛ እንኳ፣ ባቱን በጨርቅ ጠምጥሞ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ባዶ እግሩን ሲሄድ በዘመኑ ፎቶግራፎች ይታያል። በአድዋም የሄድነው በባዶ እግር ነው። ከልጅነት ጀምሮ የጠነከረ ተረከዝ እሾህ አይበሳውም፤ ገደል ላይ አይንሸራተትም፤ ድምፅም የለውም። አጎቴ ራሳቸው፣ «ቦት ያደረገ ጣሊያን ሁለት ቀን የሚፈጅበትን ዳገት እኛ ከማታ እስከ ንጋት እንወጣዋለን» ይሉ ነበር። ትንሽ ማጋነን ሳይኖርበት አይቀርም፤ ቢሆንም ሐሰት አይደለም።

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና በር የጠላትን ታንኮች ማረከ። ድሉ ግን ብዙ አልቆየም። ሳምንት ግድም ቆይቶ ጠላት በዚያው በተከዜ አካባቢ አዲስ ነገር ከአውሮፕላን ጣለ። ይኸውም ኢፕሪት የሚባለው የሰናፍጭ ጋዝ ነው። በመጀመሪያ በቦምብ መልክ ይጣል ነበር፤ ትልቁ ዓይነት ቦምብ ብቻውን ከ200 ኪሎ በላይ መርዝ ይይዛል። ኋላ ደግሞ እንደ ዝናብ ከአየር ይረጩት ጀመር። ልዑል ራስ እምሩ በኋላ ዘመን በሰጡት ምስክርነት፣ ፈሳሹ የነካቸው ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸውና ፊታቸው ተቃጥሎ ሲጮኹ ማየታቸውን ተናግረዋል።

ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ነው። ሲነካ አያቃጥልም። ሰውየው ምንም ሳይሰማው ይሄዳል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ከዚያ ውሃ ቋጥሮ ይላጣል። በሣር ላይ፣ በቅጠል ላይ፣ በድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ በብርድ አገር ቀናት ይቆያል። እንግዲህ ይህን መርዝ የፈጠሩት ሰዎች ያሰቡት ቦት ጫማና የጎማ ልብስ ስላለው የአውሮፓ ወታደር ነበር። እኛ ዘንድ ያገኘው ባዶ እግር ነው። አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ እንኳ በዚያ ሣር ላይ የሄደ ሁሉ፣ ወታደሩም ስንቅ ተሸካሚዋም እረኛውም፣ መርዙን በውስጥ እግሩ ይጠጣው ነበር። እሾህ የማይበሳው ተረከዝ ለዚህ አልሆነም።

አጎቴ የተነኩት በግራ እግራቸው ነው። በጣቶቻቸው መካከልና በእግራቸው ጀርባ ላይ። ሐኪም አላዩም። በዚያ ጦርነት የውጭ ቀይ መስቀሎች መጥተው ብዙ የጋዝ ቁስለኞችን አክመዋል፤ ነገር ግን በሰሜን በኩል አብዛኞቹ የነበሩት በደሴና በኮረም መንገድ ነው። በሽሬ በኩል ለነበረው ለጎንደሬው ገበሬ ወታደር የደረሰው እናቱ የቀባችው ቅቤ ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ የሽሬ ጦርነት ሲፈታ፣ ያንን እግር በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ተከዜን ዳግመኛ ተሻግረው ወገራ ገቡ። በመጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ጎንደር ከተማን ያዘ።

በሁለተኛው ዘመቻ ያገኛቸው ደግሞ ውሃ ነው። በ1933 ዓ.ም. ክረምት፣ ንጉሡ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ፣ ጣሊያን በጎንደር ዙሪያ ገና ምሽግ ይዞ ነበር። ከደባርቅ በላይ ወልቀፊት ያለውን ምሽግ አርበኞች ከእንግሊዞች ጋር ሆነው ከበቡት። የዚያን አገር ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ጉሙ አይነሣም፣ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠላት በድንጋይ ምሽግ ውስጥ እሳት ይሞቃል፤ የኛ ሰዎች በረግረግ ላይ ተኝተው ይጠብቃሉ። ወልቀፊት መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ከዚያም ቁልቋል በር ተሰበረ፤ ኅዳር 18 ቀን ጎንደር ነፃ ወጣች። አጎቴ ወደ ከተማው ሲገቡ በሰው ትከሻ ተደግፈው ነበር። ጥይት አልነካቸውም። እግራቸው ግን በጭቃ ተበልቶ፣ ነጭ ሆኖ፣ ሁለት ጣታቸው ስሜት አጥቶ ነበር።

ይህ ነገር በሌላው ዓለም ስም አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1914 መጨረሻ በገባው ክረምት ብቻ፣ ከእንግሊዝ ወታደሮች ወደ 20 ሺህ የሚሆኑት በምሽግ ውሃ እግራቸው ተበልቶ ከሰልፍ ወጡ። ጦሩ ደንግጦ ደንብ አወጣ፤ ወታደሮች ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ የሌላውን እግር በየቀኑ እንዲያይ፣ ካልሲ እንዲቀይሩ፣ ዘይት እንዲቀቡ ተደረገ። የወታደሮቹ እግር የተበላበት መኮንን ይጠየቅ ነበር። ያ ደንብ ከጥቅሙ ሌላ ያመጣው ነገር ደግሞ ወረቀት ነው። እግሩ የታመመው ሁሉ ተጽፏል። ኋላ ጡረታ ሲጠይቅ የሚያቀርበው ነገር አለው። የወልቀፊት ከባቢዎች ግን የሚጽፋቸው አልነበራቸውም።

አሁን ወደ ማመልከቻው ልምጣ። በ1958 ዓ.ም. አጎቴ ወደ ቤታችን መጥተው፣ «ልጄ፣ ፊደል ቆጥረሃል፤ የኔን እግር ጻፍልኝ» አሉኝ። ለዘማች ጡረታ ይሰጣል ሲባል ሰምተው ነው። እኔም በዕርሳስ ረቂቅ አድርጌ፣ ኋላ በቀለም ገልብጬ፣ የዘመቱበትን ቦታና የእግራቸውን ሁኔታ ጻፍኩ። ሁለት የጦር ጓደኞቻቸው በጣት አሻራ መሰከሩ። ይዘነው የሄድንበትን መሥሪያ ቤት ስም እዚህ ማንሣት አያስፈልግም፤ ሰዎቹም ክፉዎች አልነበሩም። ጸሐፊው እግራቸውን ጎንበስ ብሎ አየና፣ «አባቴ፣ ይህ የጥይት ቁስል አይደለም» አላቸው። አጎቴም፣ «ጥይትማ ቢሆን እኔም አላስቸግርህም ነበር፤ ጥይት ወይ ይገድላል ወይ ይድናል» ብለው መለሱ። ጸሐፊው ሳቀ። ማመልከቻው ግን ጥግ ላይ አንድ መስመር ተጽፎበት ተመለሰ፤ ጉዳቱ በጦር መሣሪያ የደረሰ ለመሆኑ ማስረጃ ይቅረብ የሚል ነው።

በዚያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሕጉን ሳየው ጸሐፊው ከዚያ ሌላ ማድረግ እንደማይችል ይገባኛል። በአገራችን የጡረታ ሕግ በወጉ የተደነገገው በ1953 ዓ.ም. በድንጋጌ ቁጥር 46፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ነው። ሕጉ የመንግሥት ሠራተኛውንና መደበኛውን ወታደር ያቅፋል፤ መሠረቱም ደመወዝ ነው። ከደመወዝ መዋጮ ይቆረጣል፣ አበሉ በደመወዝ ይሰላል። እንግዲህ የራሱን በሶ ይዞ የዘመተ ገበሬ ምን ደመወዝ አለው? ከምን ላይ ይሰላለት? አርበኛው በሕጉ ቋንቋ ሠራተኛ አልነበረም። ለእሱ የታሰበው ሌላ ነገር ነው፤ ሜዳልያና የመሬት ስጦታ። ለአርበኛና ለስደተኛ ጋሻ መሬት ይሰጥ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነገር ግን ለስጦታ የሚሆነው የመንግሥት መሬት የሚገኘው በአብዛኛው በደቡቡ አገር ነው። የኛ አገር መሬት ርስት ነው፤ ባለቤት አለው። በእግሩ የታመመ የወገራ ሰው አገሩን ለቆ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄዶ ጋሻ መሬት ያቅና ማለት፣ አንካሳን ዳገት ውጣ እንደማለት ነው።

ከወዲያኛው ወገንስ? ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቭ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1925 ፈርማለች። ከጦርነቱ በኋላ በፓሪስ የሰላም ውል፣ በ1939 ዓ.ም.፣ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። ነገሩ ሲጓተት ቆይቶ በ1948 ዓ.ም. በሌላ ስምምነት ተቋጨ፤ ገንዘቡም የቆቃ ግድብ ሆነ። ግድቡ ለአገር ጠቅሟል፤ እኔ አልቃወምም። ብቻ በሰው በሰው የተሰጠ ካሣ አልነበረም። አጎቴ እስከ ሞቱ ድረስ የኤሌክትሪክ መብራት በቤታቸው አላዩም። ጋዝ መጠቀሙን የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ስድሳ ዓመት ቆይቶ። ማስረጃ ይቅረብ የተባለው ሰው ማስረጃው ሲመጣ በሕይወት አልነበረም።

የአጎቴ እግር ነገር ግን በዚህ አያበቃም። ከ1960 ዓ.ም. ወዲህ ሁለቱም እግራቸው ከታች ወደ ላይ እያበጠ ሄደ። ቆዳው ሻክሮ እንደ ዝሆን ቆዳ ሆነ። በአገሩ ዝሆኔ የሚባለው ነው። አንዳንዱ መጋኛ ነው ይላል፤ ሌላው የዘር ነው ይላል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ ከቁምጥና ጋር አንድ ያደርገዋል። በጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚያሠለጥን ኮሌጅ ነበረ፤ ተማሪዎቹም በየገጠሩ ይወጡ ነበር። ሆኖም በዚያን ጊዜ የዚህን በሽታ ምክንያት እነሱም ገና በወጉ አያውቁትም፤ የዓለም ሐኪሞችም ቢሆኑ ወባን እንደምታመጣው ያለች ትንኝ የምታስተላልፈው ትል ነው ይሉ ነበር።

እውነቱን ያወጡት በአገራችን ሲሠሩ የነበሩ ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የበሽተኞችን እግር መርምረው፣ በሽታው ከትል ሳይሆን ከአፈር እንደሚመጣ አሳዩ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው የደጋና የወይና ደጋ ቀይ አፈር በጣም ደቃቅ ቅንጣት አለው። ቅንጣቱ በባዶ እግር ቆዳ ገብቶ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቧንቧዎች ያቆስላል፤ ቧንቧው ሲደፈን እግር ያብጣል። ስሙንም ፖዶኮኒዮሲስ አሉት፤ በግሪክ ቋንቋ የእግር ትቢያ እንደማለት ነው። ተላላፊ አይደለም። ሁሉንም ሰው አይዝም፤ በዘር ለአፈሩ የሚሸነፍ ተፈጥሮ ያለውን ይመርጣል። ሰው ከቤተ ሰብ ወደ ቤተ ሰብ ይሄዳል የሚለው ከዚህ የመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የቆላ አገር በሽታዎች ጋር የመዘገበው በ2003 ዓ.ም. ነው። በ2005 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገ ጥናት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንደሚታመምበት ተገምቷል፤ የኛ አማራ ክልልም ብዙ በሽተኛ ካለባቸው አንዱ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይከብዳል። የአጎቴን እግር ያበጠው ምንድን ነው? ጋዙ? የወልቀፊት ጭቃ? ወይስ የወገራ እርሻ? ብዙ አስቤበታለሁ። ሁለቱም እግር በእኩል ጊዜ ከታች ጀምሮ ማበጡ የአፈሩን ሥራ ይመስላል። የግራው ቀድሞ ቁስል ማውጣቱና ብሶ መገኘቱ ደግሞ የጋዙን ጠባሳ ያሳያል። የተላጠ ቆዳ ለአፈሩ በሩን እንደሚከፍት ማንም ይገምተዋል። ነገር ግን በፊት ዕድሜ ልካቸውን በባዶ እግር አርሰዋል፤ በኋላም አርሰዋል። ስድስት ዓመት ዘመቻ ከስድሳ ዓመት እርሻ ለይቶ የሚመዝን ሚዛን የለም።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሕግ ዝርግ እግር እንኳ ካሣ አለው፤ እንደ ክብደቱ ከ0 እስከ 50 በመቶ ይመደባል። ክርክሩ ሁሉ ግን ሕመሙ ከመግባቱ በፊት ነበረ ወይስ በአገልግሎት መጣ በሚለው ላይ ነው። ስለዚህ ወታደሩ ሲገባ ሐኪም እግሩን አይቶ ይጽፋል። በመግቢያው ላይ ካልተጻፈ ጤናማ ሆኖ ገብቷል ተብሎ ይገመታል፤ ቀድሞ ቢኖርም በአገልግሎት ከባሰ የባሰው ይቆጠራል። የኛ ዘማች መግቢያው ነጋሪት ነው። እግሩን ማን አይቶት?

በአገራችንም በኋላ የወጡት የጡረታ አዋጆች በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትን ከአደጋ ሌላ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም ይጨምራሉ። በአዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት፣ የመሥራት ችሎታውን ሳያጣ ከ10 በመቶ የማያንስ ጉዳት የደረሰበት በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ያገኛል፤ ጨርሶ መሥራት ያልቻለው አበል ያገኛል። መቶኛውን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ይህ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። በሌላ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን፣ ሥራው በሚሠራበት አካባቢ የተለመደ በሽታ ከሥራ የመጣ በሽታ አይባልም ይላል። ወታደር በዚያ ሕግ አይተዳደርም፤ ሐሳቡ ግን በቦርድ ፊትም መነሣቱ አይቀርም። በፈንጂ እግሩ የተቆረጠ ሰው ማስረጃውን ይዞት ይሄዳል። በኢትዮ ኤርትራ ጦርነትም፣ በቅርቡም በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ውጊያው እስከ ደባርቅ አፋፍ በደረሰ ጊዜ፣ እንዲህ ያሉ ብዙ ወጣቶች አይተናል። ያበጠ እግር ግን የገበሬ እግር ነው ይባላል።

አጎቴ በ1973 ዓ.ም. አረፉ። አሁን የምጽፈው ለእድርተኛ ስለሆነ አልደብቅም። ያኔ የነበሩበት እድር፣ የኛ አይደለም ስሙንም አልጠራም፣ መዋጮአቸውን ሳያጓድል ይቀበል ነበር። ባለቤታቸው ግን ለቅሶ ቤት እንጀራ እንዳትጋግር፣ ሊጥ እንዳትነካ ተብላለች፤ እሳቸውም ድንኳን ውስጥ ዳር ላይ ለብቻቸው ይቀመጡ ነበር። የሞቱ ዕለት ጥሩንባ ተነፋ፣ ሰው ወጣ፣ ገናዡ ግን እግራቸውን አልነካም አለ። እኔና የአክስቴ ልጅ አጠብናቸው። እንደ ሥርዓቱ ሁለቱን የእግር አውራ ጣቶች በክር ማሰር ነበረብን። ጣቶቹ በእብጠቱ ውስጥ ጠልቀው ክሩ የሚይዘው ቦታ አልነበረም። ሦስት ጊዜ ሞከርን። መጨረሻ ላይ እግራቸውን በራሳቸው ጋቢ ጠቀለልነው፤ ከሽሬ ሲመለሱ እንዳደረጉት። ሜዳልያቸውን የእድሩ ዳኛ ከሬሣው ፊት ይዘው ሄዱ።

ወደ ጀመርኩበት ልመለስና፣ ለአባላችን ልጅ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። አባትህ የቀድሞው ጦር አባል ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከተመለሱት ከ450 ሺህ በላይ ሰዎች አንዱ ናቸው። በአገልግሎት ዘመናቸው ከስክስ ጫማ ነበራቸው። ወረቀታቸውን ሁሉ አይቼዋለሁ፤ በወታደር ሐኪም ቤት ስለ እግር የተጻፈ አንድም ነገር የለም። እብጠቱ የጀመረው ከተመለሱ በኋላ፣ በኮንጎ ጫማና በባዶ እግር ሲያርሱ ነው። ስለዚህ በሕጉ ዓይን ሲታይ ካሣ አያገኙም፤ ውሸት ጻፍ ካልከኝም አልጽፍም። ልጁ ዝም አለ። ዝም ማለቱ ከበደኝ።

ደግሞ ግን አልኩት፣ ይህ እግር ይታከማል። አጎቴ በዘመናቸው ያላገኙት ነገር ይህ ነው። ሕክምናውም በትልቅ መድኃኒት አይደለም፤ እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ጤና ባለሙያው በሚያሳየው መጠን በቀጠነ በረኪና መዘፍዘፍ፣ አድርቆ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ ከፍ ማድረግ፣ ከዚያም ካልሲና ጫማ ሳያወልቁ መዋል። ቶሎ ከተጀመረ እብጠቱ ይቀንሳል፤ የሚያንዘፈዝፈው ትኩሳትም ይርቃል። ወደ ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። ችግሩ ጫማው ሆነ፤ ለዚያ እግር የሚሆን ቁጥር ሱቅ ውስጥ የለም። የሠፈራችን ጫማ ሠሪ ከላይ በማሰሪያ የሚከፈት፣ ሰፋ ያለ ጫማ በቆዳ ሠራላቸው፤ ዋጋውን ከመካከላችን አራት ሰዎች አዋጣን፤ ከእድሩ ካዝና አልተነካም።

ባለፈው ኅዳር ስብሰባ ላይ እሳቸው በእግራቸው መጥተው ነበር። ጸሐፊው ስማቸውን ሲጠራ «አለሁ» አሉ፤ ከቅጣት ነፃ የሚለውም ከስማቸው አጠገብ ተሰረዘ። ከስብሰባው በኋላ ሦስት ሌሎች አባላት ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው እግራቸውን አሳዩኝ። ከሦስቱ ሁለቱ ዘማች ነበሩ፤ አንዱ ወታደር ሆኖ አያውቅም።